አራት ወፍጮ ቤት በአንድ ቀን

ምንውየለት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ የመጣው በአንድ ቀን አራት ወፍጮ ቤት ፈትሾ ሊመለስ ነው። ሥራው የማሽን አደጋ መገምገም ነው፤ ማለትም ሰው ሳይጎዳ በፊት የሚጎዳውን ነገር ፈልጎ ማግኘት። ሥራው ችኮላ አይወድም። እሱ ግን ይቸኩላል።

ከሁሉም የሚጠላው ቺንጋ ነው፤ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘውን የጎማ ቀበቶ። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ወረዳ ክዳን የሌለው ቺንጋ አንዲት ሴት ጎትቶ ሲገድል፣ ሬሳዋን ካነሱት አንዱ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፤ ቺንጋው ክፍት ከሆነ ወፍጮው በዚያው ቀን ይታሸጋል። ልመና የለ፣ ሽማግሌ የለ። ስሙ ሲነሳ የባለወፍጮዎቹ ምራቅ ይደርቃል።

የመጀመሪያው ወፍጮ ቤት የአብዱልሐሚድ ነው። እዚያ እህል የምታፈስሰው የዝናሽ የምንውየለት ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት ከመተከል ይዛው መጥታ፣ በዚሁ ወፍጮ ዱቄት እየለበሰች ያስተማረችው እሷ ናት። በዓለም ላይ ሌላ ሰው የለውም። ሥራውን ተይው ብሎ ስንቴ ለምኗታል። «ምን ልበላ?» ትለዋለች። የገዛ እህቱን መሥሪያ ቤት እሱ መፈተሹ ደግ አልነበረም፤ ግን ቢሮው ያለው ባለሙያ እሱ ብቻ ነው፣ ምን ይደረግ።

ሞተሩን አጥፍተው ጠበቁት። ቺንጋው በብረት ክዳን ተሸፍኗል። ክዳኑ ላይ ከነብሎኑ ዱቄት ጋግሮበታል። ምንውየለት ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከራቸው፤ ንቅንቅ አይሉም።

«ይሄ የእህትህ ሥራ ነው» አለ አብዱልሐሚድ። ቤርታ ነው፤ በእሱ አማርኛ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው። «ካላሠራህ አልሠራም አለ። ዓመት ሙሉ ጨቀጨቀኝ፣ ወላሂ።»

የምንውየለት ልብ ረጋ። እንደዚያን ቀን እህቱን ወዶ አያውቅም። ቅጹ ላይ «ምንም ስጋት የለም» ብሎ ሞላ።

«ምሳ ደርሷል» አለች የዝናሽ። «ወፍጮውም ይረፍ፣ አንተም ቅመስ። ከዚያ ትሄዳለህ።»

«ገና ሦስት ይቀረኛል፣ እታለም።»

«የትም አይሸሹም። አንዲት ሰዓት ብቻ።»

«እንግዳ ሳይበላ አይሄድም» አለ አብዱልሐሚድም። «እኛ ጋ ነውር ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። ምንውየለት መተያየታቸውን አየ። ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ኢተፋ ወፍጮ ቤት ነው፤ ነገሩ ወዲያው ገባው፣ ወይም የገባው መሰለው።

«በምሳ ልትይዢኝ ነው? ኢተፋ ጉዱን እስኪሸፍን?»

የዝናሽ አንገቷን ደፋች። «የቤት ጎረቤቴ ነው» አለች። «የልጆች አባት ነው። ብታሽግበት ምን ይሆናል?»

«የሞተችውም ልጆች ነበሯት።»

በር ላይ ሴቶች ጆንያቸውን ደርድረው ቆመዋል። አንዷ ከጠዋት ጀምሮ እንደምትጠብቅ ነገረችው። ምንውየለት ወደ አብዱልሐሚድ ዞሮ፣ «ሰው አታጉላላ። ሞተሩን አስነሳ» አለ። እህቱን ሳይሰናበታት ወጣ።

አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ሲጠብቅ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። አንዷ በመዳበሪያ ጆንያ የተሸፈነ ዕቃ ጭና ሳትቆምለት በረረች። ሌሎቹ ሰው ሞልቷቸዋል። ከኋላው የወፍጮው ድምፅ ሲነሳ ሰማ። ቢያንስ የታዘዘውን ያደርጋል ብሎ ደስ አለው። በመጨረሻ አንዷ ቆመችለት።

የኢተፋ ወፍጮ ቤት ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ባለቤቱ ላቡን በእጀታው እየጠረገ በር ላይ ተቀበለው።

«እንኳን ደህና መጡ። ሻይ ልበልዎት?»

ምንውየለት በቀጥታ ወደ ቺንጋው ሄደ። ክፍት ሆኖ ሊይዘው ነው የመጣው፤ ማሸጊያው ወረቀት በኪሱ ተዘጋጅቷል። ቺንጋው ግን ክዳን አለው። ጠንካራ ክዳን ነው፤ የአብዱልሐሚድን የሠራው በያጅ የሠራው ይመስላል። ዙሪያውን ዞረ፣ አጎነበሰ፣ ጣቱን አስገባ። ነውር አጣበት።

«አንድ ብሎን ላልቷል» አለ፣ ሌላ የሚለው ሲያጣ።

«አሁኑኑ አጠብቃለሁ፣ ጌታዬ።»

ኢተፋ ቁልፉን ይዞ ተንበረከከ። ምንውየለት ደግሞ ቅጹን አወጣና መሙላት ጀመረ። እየጻፈ ሐፍረት ያዘው። እህቱን፣ ያሳደገችውን ሰው፣ በምሳ ልትይዢኝ ነው ማለቱ አንገበገበው። ምሳ ብላ ማለቷ የእህትነት ነበር፤ ሌላ ምን ይሆናል? አራቱን ሲጨርስ ተመልሶ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ የቀዘቀዘውን ሊበላላት ወሰነ።

ስልኩ ጠራ። አብዱልሐሚድ ነው።

«እህትህ…» አለ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ቺንጋ ያዘው። ሞተር ቶሎ አጠፋን። አልደረስንም። ሞቷል። ኢና ሊላሂ።»

የሰውየው ድምፅ ጎልቶ ስለሚሰማ ኢተፋም ሰማው። ብሎኑን ማጥበቁን አቆመ።

«አይሆንም» አለ ምንውየለት። «ያ ቺንጋ ክዳን አለው።»

ከስልኩ የሚሰማው የሴቶች ለቅሶ ብቻ ነው። ቅጾቹን አገላበጠ፤ የአብዱልሐሚድን አገኘው፤ «ምንም ስጋት የለም» ይላል፣ የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው። ሌላ የሚያሳየው ሰው ስላልነበረ ለኢተፋ ዘረጋለት።

«ክዳን አለው» አለ። «ከአንድ ሰዓት በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። በእጄ ነክቼዋለሁ።»

ኢተፋ ከተንበረከከበት ሳይነሳ እጁን ክዳኑ ላይ አሳርፎ፣ «ያዩት ይሄንኑ ክዳን ነው» አለ።