አራት ሰዓት ላይ የሚጠፋው ሞኒተር

የሕንፃው ኃላፊ ሥርዓት ይወዳል። ጠማማ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ጠማማ ነገር አያጣም።

በቢሮው ጠረጴዛ ላይ የዋናውን በር ካሜራ የሚያሳይ ሞኒተር አለ። ይህ ሞኒተር ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ረፋድ አራት ሰዓት ሲሆን ድርግም ይላል። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይና ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይበራል።

ሰው ሁሉ «ዶክተር» የሚለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሦስት ጊዜ መጣ። ገመዱን ቀየረ። ሌላ ሞኒተር አምጥቶ ሰካ። እሱም በማግስቱ ጠፋ። ዶክተሩ የሚደርሰው ሁልጊዜ ምስሉ ከተመለሰ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ስመጣ ይድናል» አለ። «በሽተኛው ጤነኛ ነው።»

«ሶኬቱስ?»

«የአባትዎ እጅ ሥራማ ሁላችንንም ይቀብራል።»

የሕንፃውን መብራት የዘረጋው የኃላፊው ሟች አባት ነበር። ሲሠራ መሰላሉን የምትይዝለት ሚስቱ ነበረች። ንድፍ በወረቀት አስፍሮ አያውቅም።

የቀረው የካሜራው ገመድ ነው። ገመዱ የሚያልፈው በዘበኛው ክፍል ነው። ዘበኛው አሥር አለቃ ይባላል፤ ሦስት ልጆቹን የሚያስተምረው በዚህ ሥራ ነው። ኃላፊው ክፍሉን ሲፈትሽ ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ ስኳር የነካካው የዳቦ ቤት ወረቀት አገኘ። ዳቦ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው።

«አሥር አለቃ፣ ገመዱን ነቅለው፣ በሩን ጥለው ዶናት ሊገዙ ይሄዳሉ?»

«ከበሩ ንቅንቅ ብዬ አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ዶናቱ በእግሩ መጣ?»

አሥር አለቃ ቆቡን አስተካከለ።

«ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሞኒተሩ ከጠፋ ሌላ ዘበኛ እቀጥራለሁ» አለ ኃላፊው።

አሥር አለቃ ቆቡን እንደገና አስተካከለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ኃላፊው ወደ እናቱ ሄደ። ቤቷ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ከቢሮው ትይዩ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥልፍ እንደ ልማዱ ተንጋዶ አገኘውና አቃናው። ሐኪም ጣፋጭ ከከለከላት ሦስት ወር ሆኗታል። ቅቅል ጎመኗን ኃላፊው ራሱ በየቀኑ ያመጣላታል። ይህም ፍቅር ይባላል።

«ሚዛኑ ግን አልወረደም» አላት። «የሚያወፍርሽ አየር ነው እንዴ?»

«ልጅ የሚጦራት እናት መች ትከሳለች» አለችው።

የዘበኛውን ነገር ሲነግራት ሹካዋን አስቀመጠች።

«የልጆች አባት ነው። ሰው በጥርጣሬ አይባረርም።»

«እማዬ፣ ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው እጁንም በዓይንህ እይ። ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሄደህ አጠገቡ ተቀመጥ። ሞኒተሩን ዶክተሩ ይጠብቅልህ።»

ልጅየው አሰበበት። ምክሩ ሥርዓት ያለው ምክር ነበር።

ዓርብ ረፋድ ኃላፊው ወደ ዘበኛው ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። አሥር አለቃ እንደ ተማሪ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ያያል። አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ጨለመ» አለ ዶክተሩ።

ኃላፊው ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆች አየ። ካሉበት አልተነቃነቁም።

«አሥር አለቃ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ምንም አይደል፣ ጌታዬ» አለ አሥር አለቃ፤ ትንፋሹን ገና መልቀቁ ነው። «የማሽን ነገር ሰው ያጣላል።»

ቢሮው ውስጥ ደግሞ ዶክተሩ ገና መፍቻውን ከቦርሳው ሳያወጣ ሞኒተሩ ተመልሶ በራ። ኃላፊው ሲመለስ ዶክተሩ ብዙ አሰበና ፈረደ።

«ሰው ረፋድ ላይ አረፍ ይል የለ፣ ጋሼ? እሱም ይረፍ።»

ኃላፊው ቅር እያለው ተስማማ። ለእናቱም የዘበኛውን ንጽሕና አበሰራት። እሷም ጎመኗን ጨርሳ በላችለት።

ሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እናቲቱ ጥልፉን ገለጥ አደረገች፤ ባሏ ከኋላው የተከለውን ማጥፊያ ወደ ታች ተጫነች፤ ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ በዋናው በር በኩል ወደ ዳቦ ቤቱ ወጣች፤ ከዛሬ ጀምሮ የአሥር አለቃ ድርሻ ሁለት ዶናት ነው።