ኖር

ጣና ዳር ያለው የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲቀየር፣ ከድሮ ሠራተኞች የቀረችው ጸሐፊዋ ወለላ ብቻ ነበረች። ኩባንያው የተዘጋ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አቶ ይትባረክ «ወለላ፣ እስክመለስ እንዳትሄጂ» ብለዋት ወደ ሐይቁ ወረዱ። በማግስቱ ታንኳ ቀዛፊዎች አስከሬናቸውን አወጡት፤ እሷም ከሰው ጋር አልቅሳ ቀበረቻቸው።

ግን አልሄደችም። ወዴትስ ትሂድ? ባሕር ዳር ሥራ የፈታ ሰው ሞልቶ ተርፏል፤ ሥራ ነው የጠፋው። ግድግዳው ቀለም ተቀባ፣ የኩባንያው ስም ከበሩ ላይ ወረደ፣ እሷንም ከነወንበሯ እንደ ዕቃ ተረከቧት።

ትምህርት በተጀመረበት ጠዋት፣ ለመምህሩ ማርከር ልታቀብል ወደ ድሮው የስብሰባ አዳራሽ ገባች። ተማሪዎቹ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ።

«ኖር!»

ለታላቅ መነሣት ድሮ የቀረ መስሏት ነበርና ሆዷ ባባ። «በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ ልጆቼ» አለች።

ማንም አልተቀመጠም። መምህሩ እንኳ እጅ እንደነሣ ቀርቷል። ዓይናቸው እሷ ላይ እንዳልነበረ ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው፤ በትከሻዋ አሻግረው በሩን ነበር የሚያዩት።

ከፊት የቆመች አንዲት ተማሪ ጠጋ ብላ እጇን ያዘቻት።

«እትዬ፣ መንገድ ይልቀቁላቸው እንጂ» አለቻት በሹክሹክታ። «ልብሳቸው በስብሷል፤ ብርድ ይዟቸዋል።»

ከወለላ ኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጡ» አሉ አቶ ይትባረክ። «ጎሽ ወለላ። ጠበቅሽኝ።»