ደጅ የቆመው ፊደል

ኦሳካ ከአባቷ ጋር የቀረችው ልጇ የአያቷን ድምፅ ሰምታ ትመልስላቸው ይሆን? ጃፓን ተምራ የተመለሰችው ሰብሌ አታውቅም ነበር። አባቷ ግን ላሊበላ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ ለልጅ ልጃቸው «እጠብቅሻለሁ» የሚሉበትን አንድ የጃፓን ግስ አስጠኚኝ ብለው ከጠዋት ጀምሮ አደረቋት።

«ማሱት።»

«ኧረ ማትሱ ነው፣ አባዬ! ስንቴ ልንገርዎ?» በግና ግሱ የሚጻፍበትን የጃፓን ፊደል መሬት ላይ በጣቷ ጻፈችላቸው። «ይኸው፣ ይህ በግራ ያለው መንገድ ነው፤ ይህ በቀኝ ያለው ደግሞ ቤተ መቅደስ። በዚህ ያስታውሱት።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ይህማ እህል ቀምሶ የመጣ ሰው ነው። አይገባ፣ ወደ ቤቱ አይመለስ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ደጅ ይቆማል።» ቀና ብለው አዩዋት። «ማትሱ! እንዳንቺ ማለት ነዋ፤ ልብሽ ከልጅሽ ደጅ ቆሞ የለ?»

ሰብሌ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ስልኩን አስጠግታ ድምፃቸውን ቀዳች፤ ከመላኳ በፊት ግን እሷም ቀስ ብላ «ማትሱ» አለችበት። መልእክቱ ደረሰ። መልስ ግን አልመጣም።