የወይዘሮ ወለተኢየሱስ ኮሶ

«መፀው ሲገባ ዛፎች ቅጠላቸውን ያረግፋሉ» ብላ ሠርከአዲስ ከመጽሐፉ አነበበችና ቀና አለች። አሥራ አንዱ ሕፃናት በበሩ አሻግረው ግቢውን አዩ። ባሕር ዛፉም ጽዱም እንደ ትናንቱ ለምለም ናቸው።

«ምን ሆኖ ነው የሚያረግፈው?» አለ ቱሉ። አምስት ዓመቱ ነው፤ ያልገባውን ነገር ዝም ብሎ አያሳልፍም።

«የፈረንጅ ዛፍ ነው። እንዲያው ያረግፋል።»

«ዱኩብሰቴ?» አለ። ታሞ ነው ወይ ማለቱ ነው።

ሠርከአዲስ ገጹን ገለጥ አደረገች። መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥና ወደ ጎባ ስትመለስ የሰጧት፣ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ የተተረጎመ የእጅ ሥራ መምሪያ ነው። ለጥቅምት ወር ያዘዘው ደግሞ ግልጽ ነው፤ መምህርቷ መላጣ ዛፍ ትሥላለች፣ ሕፃናቱ የወደቀ ቅጠል ለቅመው ይለጥፋሉ። እሷም የታዘዘችውን የምትፈጽም ልጅ ናት። ከተማሪዋ ከቀመር አባት ከከማለዲን ሱቅ በለመነችው የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ በከሰል አሥራ አንድ መላጣ ዛፍ ሣለች። የዱቄት ሙጫውን በጣሳ መሐላቸው አስቀመጠችና፣ «የወደቀውን ብቻ ልቀሙ፤ ከተክል ላይ እንዳትቀነጥሱ» ብላ ሌላ ሙጫ ልታበስል ጓሮ ሄደች።

ስትመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሕፃናት ጸጥ ካሉ ደግ ነገር እንደሌለ ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም። ሁሉም አጎንብሰው ይለጥፋሉ፤ በየዛፉ ሥር ቀይ ነገር ተከምሯል። ደስ የሚል ቀይ ነውና ለአፍታ ልቧ ሞቀ። ከዚያ ሸተታት። ኮሶ ነው።

በጎባ ከተማ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ኮሶ ያላጠጡት ሰው ቢፈለግ፣ የሚገኘው ትናንት ተሹሞ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። የዘንድሮውን አበባ ከሪራ ጫካ አስመጥተው ደጃቸው ላይ በሰሌን ያሰጡት ዛሬ ጧት ነበር። ይህ ክፍልም የእሳቸው ነው። በመስከረም ቁልፉን ሲሰጧት፣ «ለሕፃናቱ ስል ነው። ግን ከንብረቴ አንድ ነገር የተነካ ቀን ቤቴን ትለቂያለሽ» ብለዋታል። ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። ሌላ ቤት ከተማውን ዞራ አጥታለች፤ ይህ ከሄደ ልጆቹ ተመልሰው ገበያ መሐል፣ ከእናቶቻቸው እግርና ከአህያ ኮቴ ሥር ሊውሉ ነው። ሠርከአዲስ አሥራ አንዱንም ትወዳቸዋለች። ቀኑን ሙሉ አፍንጫቸውን ስትጠርግ ውላ ማታ ለምን እንደሚናፍቋት ለራሷም አይገባትም።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ባዶውን ሰሌን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ» አለች ሠርከአዲስ። «ትቻቸው ወጣሁ።»

«አንቺን አልጠየቅሁም» አሉና ወደ ቱሉ ወረቀት አጎነበሱ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ዛፍ ነው፣ አኮ» አለ ቱሉ። ሴት አያቱን በሚጠራበት ስም ነው የሚጠራቸው። «ቅጠሉ ረግፏል። ታሟል።»

«ታዲያ የኔ ኮሶ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«አጠጣነው።»

ሠርከአዲስ የገባት ያን ጊዜ ነው። አንዳቸውም ቀዩን በቅጠልነት አላሰቡትም።

«ከታች ነው እንዴ ኮሶ የሚጠጣው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«የዛፍ አፉ ከታች ነው» አለች የአራት ዓመቷ ቀመር፣ የማያውቁ መስለዋት በትዕግሥት። «ውኃም በዚያ ነው የሚጠጣው።» ከንፈሯ ዳር ቀይ ብናኝ አለ። «መድኃኒት መሆኑን እኔ ቀምሼ አወቅሁ። ይመራል።»

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ አልሳቁም። ወረቀቱን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዙረው መረመሩት።

«በዛበት» አሉ። «ለዚህ ለጋ ዛፍ ግማሹ ይበቃው ነበር።»

ወረቀቱን መልሰው አስቀምጠው ወጡ።

መቆለፊያውን ሊያመጡ ነው፣ አለች ሠርከአዲስ በሆዷ። የልጆቹን ኩታ ከግድግዳው ላይ አውርዳ ማጣጠፍ ጀመረች። እንባዋ ስለመጣ ፊቷን አዞረች። እንዲህ ሆና ለእናቶቻቸው ምን ብላ እንደምትነግራቸው ጨነቃት። የቱሉን ወረቀት ልታነሳ እጇን ስትሰድ፣ «ገና አልደረቀም እኮ» ብሎ ከለከላት።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሲመለሱ የነጠላቸውን ጫፍ እንደ አቁማዳ ቋጥረው ይዘዋል። ፈቱትና ወለሉ ላይ ዘረገፉት፤ ከገዛ ጓሯቸው አሁን የቀነጠሱት ጤና አዳም ነው። ክፍሉን ሽታው ሞላው። ከሕፃናቱ ዝቅተኛ ዱካ ላይ እንደምንም ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጣታቸውን ሙጫው ውስጥ ነክረው ከቱሉ ዛፍ መላጣ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ለጠፉ።

«የኔን ኮሶ ጠጥቶ ያልዳነ የለም» አሉ። «ቀጣዩ በሽተኛ ይምጣ።»

አሥሩ ሕፃናት በሽተኞቻቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ሳይጋፉ፣ እስከ በሩ ድረስ ተሰለፉ። ከኋላ የቆመችው ቀመር፣ ተራዋ እስኪደርስ የዛፏን ሆድ በመዳፏ ቀስ አድርጋ ታሸዋለች።