በፍሬኑ ውስጥ የቀረው አየር

«ይርገጡ።»

ከላይ፣ ከጋቢናው ውስጥ፣ የሹፌሩ የአንዳርጋቸው እግር የፍሬኑን ፔዳል ደጋግሞ ረገጠ። ደርበው ከፒካፑ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ከኋላው ጎማ በስተ ጀርባ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን በቁልፍ ይዞ ይጠብቃል። ከብሎኗ የወረደው ቀጭን ቱቦ ጫፉ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ተነክሯል።

«ይያዙ።»

«ያዝኩ።»

ብሎኗን ላላ አደረጋት። ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ተንተከተከ። መልሶ አጠበቃትና «ይልቀቁ» አለ።

የፍሬኑን በሽታ ለማግኘት ብዙም አልደከመም። ጠዋት ፔዳሉን ሲረግጠው እስከ ወለሉ ሰመጠ፤ ደጋግሞ ሲረግጠው ግን ከፍ እያለ መጣ። አየር ገብቶበታል ማለት ነው። የኋላውን ግራ ጎማ ፈትቶ የፍሬኑን ከበሮ ሲያወልቅ ሸራው በዘይት ርሶ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ተቀዶ አገኘው። ጎሚኒውን ቀየረ። የቀረው አየሩን ማስወጣት ነበር፤ ይህ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር ይከፍታል። ድሮ ከላይ የሚረግጥለት ታናሽ ወንድሙ እንየው ነበር።

እንየውን የወሰደችው ይህችው ፒካፕ ናት። ቆሰበር ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። በዚያ በክፉው ዓመት፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከዚሁ ከጋራዡ አውጥተው የፊጥኝ አስረው ከኋላ ሲጭኑት፣ መሪውን የያዘው አንዳርጋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ መኪናዋን የሚያሠራት ዳንግላ ድረስ እየወሰደ ነው፤ በደርበው ደጅ ሲያልፍም ቀና ብሎ አያይም። ዛሬ ግን ፔዳሉ ዳንግላ የሚያደርስ አልሆነም። ነገ ደግሞ ወደ ቻግኒ ውረድ ተብሏል።

ጠዋት ፔዳሉ ሲሰምጥ የመጣበት ሐሳብ ደርበውን ቀኑን ሙሉ አልተወውም። ጥቂት አየር ቢቀር ከተማ ውስጥ ብዙም አያስታውቅም። የቻግኒው ቁልቁለት ላይ ግን ጉድ ይፈላል። ማንስ ይጠይቀኛል፣ ያረጀች መኪና አይደለችም ወይ፣ ይላል ለራሱ።

«ይርገጡ።»

ጭጋጉ የቀርከሃውን አጥር አልፎ ወደ ጋራዡ እየገባ ነው። ከላይ እግሩ ፔዳሉን ደጋግሞ ሲረግጥ ደርበው ሳያስበው ዓይኑን ጨፈነ።

«እንየው፣ ያዝ» አለ።

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የሰማው። የተኛበት መሬት ቅዝቃዜ ወደ አጥንቱ ዘለቀበት።

«ያዝኩ» አለ ከላይ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

የእንየው ድምፅ መሰለው። ወጥቶ ለማየት ፈራ። ብሎኗን ከፈተ፤ አረፋው ገና እየመጣ ነበር። አረፋው ሳያልቅ ጥርቅም አድርጎ ዘጋት።

«በቃ፣ አልቋል» አለና ከሥር ወጣ።

ቆሞ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ አንዳርጋቸው ፔዳሉን አንድ ጊዜ ረገጠው። ደርበው እግሩን እያየው ነበር። ፔዳሉ ከሚገባው በላይ ወረደ። ዕድሜውን መሪ ላይ የፈጀ ሰው ይህን አይስተውም።

«ጥሩ ነው» አለ አንዳርጋቸው። ሞተሩን ግን አላስነሳም።

«ያን ለትም እንዲሁ ሰምጦብኝ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከፊት መስተዋቱ ሳይነቅል። «ቁልቁለቱ ላይ። ፍሬን የለም ብዬ ጮኽሁ። ወንድምህ እጁ እንደታሰረ ወደ ጋቢናው የኋላ መስኮት ተጠግቶ፣ ‹ጋሼ፣ ደጋግመው ይርገጡት፤ ከፍ ሲል ይያዙትና ማርሽ ይቀንሱ› አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ፤ ቆመች። ሁላችንም ተረፍን። እሱም እስከ ድልድዩ ድረስ ተረፈ።»

ደርበው በሟቹ ተናደደ። ዝም ቢል ምን ነበረበት? ግን ያ ልጅ ፍሬን እምቢ ሲል እየሰማ ዝም የሚል አልነበረም።

«ድልድዩ ጋ ነው?»

«ከድልድዩ ማዶ የኮሶ ዛፍ አለ። ከሥሩ ነው። በኋላ ብቻዬን ተመልሼ ድንጋይ ደርድሬበታለሁ።»

እናታቸው ስሜነሽ እስከ ዛሬ እርሟን አላወጣችም። ያኔ ለቅሶ እንዳትቀመጥ ተከለከለች፤ መቃብሩንም ያሳያት የለም። ልቧ አልቆርጥ ብሎ፣ መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር ነጠላዋን እየሳበች ደጅ ትወጣለች። አንዳርጋቸው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ በደጇ በኩል የሚነዳው እሱ ነው።

«ነገ ማለዳ እናትህን ይዘሃት ና» አለ። «እዚህ ከጎኔ ትቀመጥ። ቦታውን ላሳያት።»

የደርበው ዓይን ወደ ፔዳሉ ሄደ።

«ብቻዬን ብሆን መኪናዋን እንዲህ እንዳለች ይዣት እወርድ ነበር» አለ ሹፌሩ። «ፍሬኑ ውስጥ ምን እንደተውህበት እግሬ አውቆታል።»

የደርበው ፊት በእፍረት ጋለ። ቁልፉን ከመሬት አነሣ፤ ጠርሙሱንም አነሣ። እናቱ ከዚህች መኪና ጋቢና ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ስትቀመጥ ታየችው። ተመልሶ ከሥር ገባ።

«ይርገጡ» አለ። «ይያዙ።»

«ያዝኩ።»

አረፋ መጣ። ዘጋና አስለቀቀው፤ እንደገና አስረገጠው። አረፋው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ ዘይቱ ብቻ ጥርት ብሎ ወረደ። እንባው በጆሮ ግንዱ እየሾለከ ዘይት ወደ ጠጣው አፈር ሲወርድ አልጠረገውም። ብሎኗን አጠበቃት።

«ይልቀቁ» ማለት ነበረበት፤ አላለም። ከላይም እግሩ ፔዳሉን እንደያዘ ነው።