የሰኞ ምሳ በዊቺታ

አዛውንቱ ከደሴ አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ያለችው ዊቺታ ድረስ የሄዱት እምቢ ለማለት ነበር። ልጃቸው ፌቨን አንዴ አግብቶ የፈታ ሰው ወዳለች፤ ያለ አባቷ ምርቃት ደግሞ አታገባም። ከተማዋን በመኪናው መስኮት ሲመረምሯት፣ እግዜር ተራራ ማስቀመጥ የረሳባት ሜዳ ሆና አገኟት። ሰኞ ምሳ ተጠርተው ሰውየው ቤት ሲገቡ ወጥ ይሸታል፤ ጠረጴዛው ግን ባዶ ነው።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ሰው ልጄን አያገባም!» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ያን ጊዜ የከተማው የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ቤት ከመሠረቱ የሚነቅለውን የካንሳስ አውሎ ነፋስ አዛውንቱ በዜና አይተውታል።

«ምድር ቤት፣ አባዬ፣ ቶሎ!» አለች ፌቨን።

ሦስቱም ተያይዘው በጨለማው ደረጃ ወረዱ። አዛውንቱ ሁለቱንም እቅፍ አድርገው፣ «እንግዲህ ቂም ይዤ አልሞትም። የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ፤ ውለዱ፣ ክበዱ!» አሉ።

«አሜን!» አለ ጨለማው፣ በሠላሳ ሰው ድምፅ።

መብራቱ በራ። ነጭ በነጭ የለበሱ እንግዶች በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል፤ ዶሮ ወጡም ቀርቧል።

«ሳይረኑን ሰኞ ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ይሞክሩታል፣ አባባ» አለ ሙሽራው ሳህን እያቀበላቸው።

አዛውንቱ ሳህኑን ተቀበሉ።

«ፈረሰኛውን አውጣልኝ፣ አንተ ሌባ!»