ታጥቦ የተሰጣው ጋዋን

እታገኝ የቦንቱን ጋዋን ከኋላ ስትፈታላት፣ ደሙ ቀጭኑን ሰማያዊ ጨርቅ አልፎ የሸሚዟን እጅጌ እስከ ክርኗ አርሶት አየች።

አልጋው ላይ ሕፃኑ እናቱ ደረት ላይ ሆኖ ያለቅሳል። እናቲቱ ደህና ናት፤ ግን ደሟ ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ። ውጤቱ ጠዋት ነው የደረሳቸው።

«ውይ! እኔ እኮ ላብ መስሎኝ!» አለች ቦንቱ እየሳቀች። አዋላጅ ሆና ዲጋ ጤና ጣቢያ ከመጣች ገና ወሯ ነው፤ ሁሉም ያስቃታል።

አብራት ያዋለደችው እታገኝ አልሳቀችም። ያ ጋዋን አንዴ ተለብሶ የሚጣል ነው። አዲሱ ቶሎ አይመጣምና በበረኪና አጥባ ግቢው ውስጥ ያሰጣችው እሷ ናት። ከሞጣ የመጡት ወላጆቿ ቤት የስኳር ፌስታል እንኳ ታጥቦ ይሰጣ ነበር፤ ደህና ነገር መጣል ነውር ነው። ጋዋኑም ሲደርቅ አዲስ መሰለ። ደም የሚከለክለው ኃይሉ ከእጥበቱ ጋር አብሮ መሄዱን ማን በዓይኑ ያያል?

እሷ የለበሰችው ወፍራሙን አረንጓዴ፣ ለመታጠብ ተብሎ የተሰፋውን ነው። መጀመሪያ ያቀረበችውም ለቦንቱ ነበር። ቦንቱ ግን «አዴ፣ ይሄማ ድንኳን ነው፤ በዚህ ሙቀት!» ብላ ቀለል ያለውን መረጠች። እታገኝም ደስ ይበላት ብላ ሰጠቻት። ምነው በተጨቃጨቀች ኖሮ!

«ነይ ወዲህ።» ቧንቧውን ከፈተችና ክንዷን በሳሙና ታጥብላት ጀመር።

«አዴ እታገኝ፣ እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም።»

«ዝም በይ። ቅዳሜ አባትሽ ጋ ቡና ስትለቅሚ አልነበር?»

«አዎ።»

«የጫረሽ ነገር አለ? እሾህ? ቅርንጫፍ?»

ቦንቱ ሳቋን የተወችው ያኔ ነው። «እንጃ» አለች ቀስ ብላ። «ዋቃዮ… እንጃ፣ አዴ።»

እታገኝ አረፋውን አለቃለቀችና ክንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋች። ቫይረሱ በትንሽ ጭረትም ይገባልና ፈርታለች፤ ፍርሃቷንም ለመደበቅ አልሞከረችም። ከጣቷ ጫፍ እስከ ክርኗ፣ ውስጡንም ውጩንም በአውራ ጣቷ እየዳበሰች አየች። ምንም የለም። ሌላኛውንም አየች። ምንም።

ቦንቱ እጇን ልትሰበስብ ስትል አልለቀቀቻትም። እንደገና ከጣቷ ጫፍ ጀመረች።